በሳሙና የተቀረጸ ዲናር

ወደዚያች ክፍል ያስገቡኝ ከቀትር በኋላ ነበር። በሩ ከጀርባዬ ሲዘጋ በመጀመሪያ ያየሁት ሰው አልነበረም፤ ፌስታል ነበር። በየግድግዳው፣ ምስማር በተገኘበት ሁሉ፣ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ በእያንዳንዱም ውስጥ የአንድ ሰው ቤት አለ፦ ቅያሪ ሸሚዝ፣ መፋቂያ፣ የደረቀ ዳቦ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከፌስታሎቹ በታች ባለቤቶቻቸውን አየሁ። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተደርድረዋል። ሽታው የእርጥብ ሲሚንቶና የላብ ነበር።

ጊዜው ምርጫ አልፎ ከተማዋ የታወከችበት ወራት ነው። እኔ በቂርቆስ አካባቢ በአንድ ጉባኤ ቤት የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከመንገድ ሮጠው የመጡ ወጣቶች ወደ ጉባኤ ቤቱ ገቡ፤ እኔም በሩን ዘጋሁ። የተከሰስሁበት ነገር ይኸው ነው። መርማሪው «በሩን ለምን ዘጋህ?» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ «ብርድ ነበረ» አልሁት። ወሩ ኅዳር ነበርና ብርዱ እውነት ነው፤ የቀረውን እርሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

የምቀመጥበት አጥቼ እንደ ቆምሁ፣ ከጥግ ያሉ ሽበታም ሰው ጉልበታቸውን ሰብስበው ሲሚንቶውን በመዳፋቸው ጠረጉልኝ።

«የኔታ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ። ግድግዳው ቢረጥብም ጎረቤቱ ደኅና ነው።»

«የኔታ መሆኔን በምን ዐወቁ?»

«ጥምጥምዎን ቢወስዱብዎትም ራስዎ አልረሳውም። በሩ ረጅም ሆኖ ሳለ ጎንበስ ብለው ገቡ።»

ከወዲያ በኩል ትከሻው ሰፊ የሆነ ጎልማሳ ሳቀ። «ጋሼ መምህር ደግሞ! ሰው ገና ሳይቀመጥ ፈተና ይሰጣሉ።»

እነዚህ ሁለቱ የዚያ ዘመኔ ዘመዶች ሆኑ። ሽበታሙ ሰው ካዛንችስ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው። ትከሻ ሰፊው በቄራ ሥጋ ቤት የነበረው እስላም ነጋዴ ነው፤ ሁላችንም «የቄራው» እንለዋለን። በግርግሩ ዕለት ሰው ወደ ሱቁ ቢሸሽ እርሱንም አብረው ወሰዱት። «ቢላ ይዞ ተገኘ አሉኝ» ይል ነበር፣ ለገባ እንግዳ ሁሉ። «ሥጋ ቤት ውስጥ እኮ ነው! ሥጋ በማንኪያ ይቆረጣል እንዴ?»

መምህሩን ያሳሰራቸው ነገር ግን ከሁላችንም የራቀ ነበር። እርሳቸውን ያሳሰራቸው የጥንት የሮም ብር ነው።

ይህን ያወቅሁት በእኔው ምክንያት ነው። መጽሐፍ አይገባልንም ነበርና ወንጌሉን በቃሌ ለሚሻ ሰው በለሆሳስ እተርክ ነበር። አንድ ቀን ጌታን በግብር ነገር ሊያጠምዱት የመጡትን ሰዎች ታሪክ ደረስሁ። ዲናር አምጡልኝ አላቸው፤ አመጡለት፤ መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ የቄሣር ነው አሉት። እኔም አባቶች እንዳስተማሩኝ ተረጎምሁት፦ የቄሣር መልክ ያለበትን ለቄሣር ስጡ፤ የእግዚአብሔር መልክ ያለበትን ሰውነታችሁን ግን ለእግዚአብሔር።

መምህሩ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «የኔታ፣ ጽሕፈቱ ምን እንደሚል ያውቃሉ?» አሉኝ።

«የቄሣር ስም ነዋ።»

«ስሙ አለበት። ቀጥሎስ?»

አላውቅም ነበር። ያን ምዕራፍ ተምሬ፣ አስተምሬ፣ ተማሪ አስመርቄበታለሁ፤ ጽሕፈቱ ምን ይል እንደ ነበረ ግን ለመጠየቅ አስቤ አላውቅም።

መምህሩ ከፌስታላቸው አንድ ነጭ ሳሙና አወጡ። ባለቤታቸው የላኩላቸው ነው። ጥጉን ቆርሰው አድቦለቦሉት፣ ከጃኬታቸው በተነቀለ የዚፕ ምላስም መቅረጽ ጀመሩ። ከሁሉ የተረፈን ሰዓት ብቻ ነውና ማንም አላስቸኮላቸውም። አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ አንገቱ ረዥም፣ በራሱ ላይ የቅጠል አክሊል ያሰረ የጎን ፊት ወጣ። ዙሪያውን ፊደል ጫሩበት፤ የእኛ ፊደል አይደለም።

«ቄሣር ጢባርዮስ፣ የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ፤ ይላል» አሉኝ። «አባቱ ሲሞት አምላክ ሆኗል ተብሎ ታወጀ። ስለዚህ ልጁ የአምላክ ልጅ ነኝ ብሎ በብር ላይ አስጻፈ። ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ወሬውም አብሮ ይዞራል። ያኔ ጋዜጣ የለ፣ ሬዲዮ የለ።»

ሳሙናውን በመዳፌ ያዝሁት። የአምላክ ልጅ ነኝ የሚለው ብር፣ የእግዚአብሔር ልጅ በሆነው ፊት ቀርቦ ነበር ማለት ነው። እርሱም አይቶ፣ አልተቆጣም፤ ለባለቤቱ መልሱለት አለ። የዚያን ቀን ተርጓሚነቴን ተውሁ።

በሌላ ቀን መምህሩ የሳሙናውን ጀርባ ቀረጹ። ሳሙናው አንድ ስለ ሆነ ሁለት ዘመን በአንድ ብር ላይ አዋሉ። በጀርባው ያወጡት ሁለት ጩቤና በመካከላቸው አንድ ቆብ ነበር።

የቄራው አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። «ጋሼ፣ ይሄ ጩቤ ለዶሮም አይሆን።»

«ለዶሮ አይደለም፤ ለቄሣር ነው» አሉ መምህሩ።

ያሳሰራቸውን ትምህርት ያን ዕለት አስተማሩን። ከአውግስጦስም በፊት የነበረው ቄሣር በሕይወት ሳለ የገዛ ፊቱን በሮም ብር ላይ ያሳተመ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ በብሩ ላይ የሚታተሙት ጣዖታቱና የሞቱ አባቶች ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ ገደሉት። ከገዳዮቹ አንዱ ሸሽቶ ጦር በሰበሰበበት አገር ብር አስመታ፤ በጀርባው ሁለት ጩቤ፣ በመካከሉም ባሪያ ነጻ ሲወጣ የሚደፋውን ቆብ አደረገበት። ነጻ አወጣኋችሁ ማለቱ ነው።

«ይህን ባስተማርሁ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ» አሉ። «‘ቲቸር፣ በብሩ በፊት በኩልስ ምን አደረገ?’ አለኝ። ያንን እስኪጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው። ‘የገዛ ፊቱን’ አልሁት።»

ክፍሉ ሳቀ። የትምህርቱ ፍሬ ያ ነበር፤ ፊቱን በብር አሳተመ ብሎ ሰው የገደለ ሰው፣ የራሱን ፊት በብር አሳተመ። ለከሳሾቹ የደረሳቸው ግን ጩቤው ብቻ ነው። መምህሩም ታሰሩ፤ የጠየቀው ልጅም ታሰረ። ልጁ በዚያው ግቢ በሌላ ክፍል እንደ ነበረ እናውቃለን፤ ወደ መጸዳጃ ሲወስዱን አንዳንድ ጊዜ ከሩቅ ይታያል።

መርማሪው ከመምህሩ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። በካሜራ ፊት ተቀምጠው፣ ትምህርቱን ከዚያ ልጅ ጋር መክረው ያዘጋጁት መሆኑን፣ ጩቤውም መልእክት መሆኑን እንዲናገሩ። ይህን ካሉ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ልጁ ይቀራል። መምህሩ ወራቱን ሁሉ እንቢ ሲሉ ኖሩ።

ነገር ግን በቤታቸው ባለቤታቸው ታመዋል። ልጅ አልወለዱም፤ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው። ምሳ ዕቃው በየቀኑ በነጭ ጨርቅ ታስሮ ይመጣ ነበር፤ መምህሩም ከመብላታቸው በፊት ቋጠሮውን ያዩታል። በዐቢይ ጾም መገባደጃ ላይ አንድ ቀን ጨርቁን ሳይፈቱ ብዙ ቆዩ።

«ምነው መምህር?» አልኋቸው።

«ቋጠሮው የእርሷ አይደለም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የባለቤታቸው ቋጠሮ አልመጣም።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። በሰሙነ ሕማማት እንደሚገባው በጠዋት ልሰግድ ተነሣሁ። ለአንድ ሰው መስገጃ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ሰዎቹ ግን ሳልጠይቃቸው እግራቸውን አጠፉልኝ፤ የቄራውም ጎረቤቶቹን «ጠጋ በሉ፤ የኔታ ሊሰግዱ ነው» እያለ አሰለፈልኝ። ስጨርስ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ቀረቡ።

«ዛሬ ከሰዓት ይጠሩኛል። እሺ ልላቸው ነው።»

ምን እንደሚሉ ገብቶኛል።

«ልጁ ወጣት ነው፤ ገና ብዙ ዘመን አለው። እርሷ ግን የላትም። አንድ ጊዜ ልያት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

«መምህር...»

«ይፍረዱብኝ፣ የኔታ። ቀኑም ሐሙስ ነው።»

«እኔ ፈራጅ አይደለሁም።»

«ያ ሠላሳ ብር የሮም አልነበረም ይላሉ ዐዋቂዎች» አሉ። «ቤተ መቅደሱ የሚወደው የጢሮስን ብር ነው፤ ብሩ ጥሩ ነበርና። በላዩ የጣዖት ራስ ነበረበት፤ ቢሆንም ካህናቱ ይቀበሉት ነበር።» ሌላው ሰው ሲጨንቀው ፊቱን ይሸፍናል፤ እርሳቸው ሲጨንቃቸው ያስተምሩ ነበር።

ረፋዱ ላይ ፖሊሱ ምግብ የመጣላቸውን ጠራ፤ ስሜም ተጠራ። ልጄ ቆማ ነበር። በካዛንችስ ነው የምትኖረው፤ ከመምህሩ ቤት ሰፈር። በሕማማት ሰላምታ የለምና አልተሳሳምንም። ፖሊሱ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ጉልባኑን በማንኪያ ሲፈትሽ፣ ነጠላዋን አየሁ፤ ጥለቱ ወደ አንገቷ ዞሯል። እንደ ኀዘንተኛ ለብሳለች።

«ማን ነው?» አልኋት።

«የመምህሩ ባለቤት፣ አባዬ። ማታ ዐረፉ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ቂርቆስ ይቀበራሉ።»

«እዚህ ያሉት ያውቃሉ?»

«የዕድሩ ሽማግሎች ለቀብሩ እንዲያወጡላቸው ሊለምኑ በጠዋት መጥተው ነበር። ‘እኛ እንነግረዋለን’ ብለው መለሷቸው።»

ፖሊሱ ማንኪያውን በጨርቁ ጠረገ።

«ብቻቸውን ነበሩ?»

«ኧረ ጎረቤቱ ሁሉ ነበረ። እስከ መጨረሻው ድረስ ‘ምሳው ሄደ ወይ?’ ይሉ ነበር።»

«በቃ፣ በቃ፤ ቀጣይ» አለ ፖሊሱ። ጉልባኑን ይዤ ተመለስሁ።

ወደ ክፍሉ ስገባ የቄራውን በዐይኔ ጠራሁት፤ በበሩ አጠገብ ባለው የውኃ ጀሪካን ዘንድ ቁጭ ብለን በሹክሹክታ ነገርሁት።

«ያ ሰውዬ ያውቃል?» አለኝ። መርማሪውን ማለቱ ነው።

«ከጠዋት ጀምሮ ያውቃል።»

«አውቆም ‘እሺ ካልህ ሚስትህን ታያለህ’ ሊላቸው?»

«እንደዚያ ነው።»

የቄራው እጁን በጉልበቱ ላይ ጠረገው፤ ደጋግሞ ጠረገው። «ወላሂ፣ እኔ በሬ ሳርድ እንኳ ቢላ ፊቱ አልስልም» አለ።

«ልንነግራቸው ይገባል» አልሁት።

«አሁን? በዚህ በጠራራ? የኔታ፣ መርዶ እኮ ጎሕ ሲቀድ ነው! ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ። በእኛም እንደዚያው ነው። እንዲህ ብድግ ብሎ ለሰው ይነገራል?»

ያለው ሁሉ ልክ ነበር። መርዶ ለብቻው ለሆነ ሰው አይነገርም። እንቅልፉን እንዲተኛ፣ እህሉን እንዲበላ ይጠበቃል፤ ከዚያም ሲነጋጋ የሚወዱት ሁሉ በአንድነት በሩን ይመቱበታል፤ ገና በሩ ሲመታ ያውቀዋል። እኛ ግን እስከ ንጋት መጠበቅ አንችልም። ከምሳ በኋላ ይጠሯቸዋል፤ በሕይወት ለሌለች ሚስት ሲሉ በሕይወት ያለውን ልጅ ይሰጣሉ።

«ዘመድ የላቸውም» አልሁ።

የቄራው ክፍሉን ዙሪያውን አየ። «እንግዲያው እኛ እንሁናቸዋ። ግን መጀመሪያ ይብሉ።»

ተነሥቶ ጉልባኑን በመካከል አቀረበ። «ኑ እስቲ፣ ጋሼ! የናንተ ጾም ሰው አይደለሁም እኔ፤ ሁለት ወር ሙሉ ባቄላ! እኔ ታሰርሁ፣ ቢላዬም በሱቄ ዛገ። ፋሲካ ሲሆን ሥጋ እንዴት እንደሚቆረጥ ማን ያስታውሰኛል?»

«ማንኪያ እንሰጥሃለን» አሉ መምህሩ። ሳቁ። በጥቂቱም ቢሆን በሉ። «የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ «የልጄ» አልኋቸው። የቄራው በየሰው ጆሮ እያለፈ ሲነግር ክፍሉ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

ከዚያም ሳሙና ጠየቅኋቸው።

«ያለኝ ይኸው ነው፤ ቄሣር ያለበት» አሉ።

«ለዛሬ እርሱም ያገልግለን።»

በጸሎተ ሐሙስ እግር ማጠብ የካህን ሥርዐት ነው፤ እኔ ካህን አይደለሁም፣ መምህር ብቻ ነኝ። የእንግዳን እግር ማጠብ ግን በአባቶቻችን ቤት የማንም ሥራ ነበርና በዚያ ተደገፍሁ። የቄራው ጀሪካኑን ያዘ፣ አንድ የተቆረጠ የፕላስቲክ ባልዲም ከበታች አደረግን። በጉልበቴ ተንበርክኬ የመምህሩን ግራ እግር ያዝሁ።

«ኧረ የኔታ! ነውር ነው፤ ይህማ ለእርስዎ የሚገባ...»

«ይተዉኝ፣ ቀኑ ነው።»

እግራቸው አብጧል፤ ተረከዛቸው ከሲሚንቶው ብርድ የተነሣ ተሰነጣጥቋል። ውኃውን አፈሰስሁ፣ ሳሙናውንም አሸሁት። መጀመሪያ ዙሪያው የተጻፈው ፊደል ጠፋ፤ ቀጥሎ የቄሣር አፍንጫ በጣቴ ሥር ሲለሰልስ ተሰማኝ። ወደ ቀኝ እግራቸው ስሸጋገር መምህሩ ቀና አሉ። ሰዎቹ ሁሉ ከየግድግዳው ተነሥተው ከበዋቸዋል። የቄራው፣ ዝም ብሎ የማያውቀው ሰው፣ ጀሪካኑን እንደ ያዘ ዝም ብሏል። መምህሩ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት አዩ። በሩ የተመታበት ሰው እንደሚያውቅ ዐወቁ።

«መቼ?» አሉ።

«ማታ።»

«ማታ» አሉ ደግመው። ከዚያም ድምፃቸው የእርሳቸው ያልሆነ ያህል ቀጥኖ፣ «ብቻዋን?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ነበረ። የጠየቁት ‘ምሳው ሄደ ወይ?’ ብለው ነው።»

የመጀመሪያው ጩኸት ከደረታቸው ሲወጣ የቄራው ጀሪካኑን ጥሎ ተነሣ። ጩኸቱ ከተሰማ ፖሊሶቹ መጥተው ከመካከላችን ሊወስዷቸው እንደሚችሉ ሁላችንም እናውቃለን።

«ፍጹም ቅጣት ምት ነበር እላለሁ!» ብሎ አንባረቀ።

አንዱ ወጣት ወዲያው ገባው። «አንተ ኳስ የት ታውቃለህ? የምታውቀው በሬ ነው!»

«በሬው ከእናንተ አጥቂ ይሻላል! ቢያንስ ወደ ፊት ይሄዳል!»

«ዳኛውስ? ዳኛው ዕውር ነው!»

«ዳኛውን አትንካ፤ የአክስቴ ልጅ ነው!»

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የሚሳደቡት እየተሳደቡ ያለቅሱ ነበር። ፖሊሱ በሩን በዱላ መታ። «ምንድን ነው እሱ? ዝም በሉ!»

«ኳስ ነው ጌታዬ! ኳስ ነው!» አለ የቄራው፤ እንባው እስከ አገጩ ወርዷል።

በዚያ ጫጫታ ውስጥ አንድ ሰው ለሚስቱ አለቀሰ። እኔ እግራቸውን አልለቀቅሁም።

ሁሉም ድምፁ ሲደክም ቀትር ደርሶ ነበር፤ የቀብሩን ሰዓት ነገርኋቸው። መምህሩ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «አሁን እየቀበሯት ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ «በሕማማት ፍትሐት የለም፣ አይደል?»

«የለም። ግን ሆኖላቸዋል። በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴው በኋላ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ ይደረጋል።»

«እሑድ? እሑድ እኮ በሕይወት ነበረች።»

«ነበሩ። እርስዎም ነበሩ፣ እኔም ነበርሁ። ፍትሐቱ ማን እንደሚያርፍ አይጠይቅም፤ ስለ ሁላችን ተደርጓል።»

ይህን ሰምተው ራሳቸውን ብዙ ነቀነቁ።

ከምሳ በኋላ እንደ ተጠበቀው ጠሯቸው። ተነሡ፤ ታጥበው በደረቀ እግራቸው ጫማቸውን አደረጉ። ነጠላቸውን አውልቀው ዘረጉት፤ ጥለቱን ፈልገው ወደ ላይ አዞሩት፤ በአንገታቸውም ዙሪያ እንደ ኀዘንተኛ ለበሱት። የቄራው በትከሻቸው ላይ አስተካከለላቸው። በሩ ተከፈተ፤ ወጡ።

ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። የሆነውን በኋላ ነገሩኝ። ካሜራው ተተክሎ፣ ወንበሩም ተዘጋጅቶ ነበር። መርማሪው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እሺ ካልህ ዛሬ ባለቤትህን...» ብሎ ጀመረ፤ ቀና ሲል ጥለቱን አየ፤ ቃሉም በአፉ ቀረ።

«ማን ነገረህ?» አለ።

«የዕድሩን ጥሩምባ ሰማሁ» አሉት። ከዚያ ግቢ በአጠገቡ ያለው የስታዲየም ጩኸት እንጂ የካዛንችስ ጥሩምባ አይሰማም። ልጄንና ፖሊሱን ለመሸፈን ያሉት ነው፤ መርማሪውም ይህን ያውቃል፣ ነገር ግን አልጠየቀም።

«ወረቀቱን አጠፈው» አሉኝ መምህሩ። «ከዚያም ሳያስበው መሰለኝ፣ ብድግ አለና ‘እግዚአብሔር ያጽናዎት’ አለኝ። ወራቱን ሁሉ አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። የማን ልጅ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ያሳደጉት ሰዎች ግን ለቅሶ መድረስ አስተምረውታል።»

«ስለ ልጁስ?»

«‘ልጆቻችን ተማሪዎችህ ናቸው’ ትለኝ ነበር። ቀብሯ ላይ አልቆምሁም፣ የኔታ። ልጇን ግን አልሰጠሁም።»

ሳሙናው በባልዲው ጠርዝ ላይ ቀርቶ ነበር። በአንዱ በኩል ፊት አልነበረበትም፣ በሌላው በኩል ጩቤም ቆብም አልነበረበትም። የፋሲካ ዋዜማ የቄራው «ጋሼ፣ ቄሣርን ልጨርሰው?» ብሎ አስፈቅዶ ሸሚዙን አጠበበት፤ አለቀ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን መምህሩን ጠርተው «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አሏቸው። ፌስታላቸውን ከምስማሩ አወረዱ። ወደ ቤት ይሁን ወደ ሌላ እስር ቤት ማንም አልነገረንም። በበሩ ላይ ዘወር ብለው እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

እኔ ስወጣ ፈለግኋቸው። በሄድሁበት ሁሉ «እኛ ጋ የለም» ተባልሁ። ተማሪው ተፈትቶ አንድ ቀን ወደ ጉባኤ ቤቱ መጣ፤ መምህሩ ያደረጉትን ነገርሁት። አንገቱን ደፍቶ «ቲቸር መልሱን ገና ሳልጠይቅ ያውቁት ነበር» አለኝ። በካዛንችስ ቤታቸው የነበረበት ሰፈር ፈርሷል፤ መስተዋት የለበሰ ሕንፃ ቆሞበታል፤ የዕድሩም ሰዎች ወደ ከተማው ዳር ተበትነዋል። የቄራው ሱቁን ከፍቷል። ከመስቀል አደባባይ ባቡር ተሳፍሬ አንዳንድ ጊዜ ወደ እርሱ እሄዳለሁ፤ ስለ መምህሩ ሲያነሣ ቢላውን ያስቀምጣል።

የባለቤታቸው መቃብር በቂርቆስ ግቢ ነው። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ፣ በስድስት ሰዓት፣ ነጠላዬን አዙሬ ጥቂት እቆምላቸዋለሁ። ባላቸው ያልቆሙበት ቀብር ነውና። የመምህሩን መቃብር ግን አላውቅም፤ መቃብር ይኑራቸው አይኑራቸውም አላውቅም። እንደ ሙት እንዳላስባቸው ምናልባት በአንድ ስፍራ ይኖራሉ፤ እንደ ሕያው እንዳላስባቸው ዘመኑ ረዝሟል።

ስለዚህ ሆሳዕናን እጠብቃለሁ። ቅዳሴው ሲያበቃ፣ ሕዝቡ ዘንባባውን በጣቱ አስሮ ሳይበተን፣ በሳምንቱ ለሚያርፉት ሁሉ ፍትሐቱ ሲጀመር፣ የመምህሩን የክርስትና ስም በልቤ እጨምራለሁ። ያ ጸሎት ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንዳረፈ አይጠይቅም።